የአክስቴ ጋቢና የዝንቧ ጆሮ፦ ስለሚተከሉ የድምፅ ሴንሰሮች ስናወራ የምንሳሳተው

ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ሳይከናነብ በጠዋት ገበያ የሚወጣ ብዙ የለም። አክስቴ ከጆሮዋ ጀርባ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። ጋቢው ማይክሮፎኑን በፈተገው ቁጥር ሽርርር ይልባታል፤ ነፋስ ሲነሳማ ይብስባታል። አንድ ቀን፣ ‹‹አንተ ልጅ፣ ውስጥ የሚቀበር የለውም እንዴ?›› አለችኝ።

እኔ ሞኙ፣ ‹‹አለ፣ ኮክሌር ኢምፕላንት ይባላል›› አልኳት። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው። የእሷ መሣሪያ ድምፅ ያጎላል። ኮክሌር ኢምፕላንት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በኤሌክትሮድ፣ ማለትም ውስጥ በሚገባ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የመስማት ነርቭን በቀጥታ ይቀሰቅሳል። ደግሞም የብዙዎቹ ማይክሮፎን አሁንም ውጭ ነው። ከጋቢ አያመልጥም!

ሁለተኛው ስህተት፣ ድምፅ ማጉላት ብቻ ይበቃል ማለት ነው። አክስቴ ከገበያ ስትመለስ፣ ‹‹ድምፁስ ይሰማኛል፤ ማን እንደጠራኝ ነው የማይለይልኝ›› ትላለች። በጉንም ነጋዴውንም እኩል ካጎላው ምን ዋጋ አለው? ድምፁ ከየት እንደመጣም መለየት አለበት።

‹‹ታዲያ ትንሽ ማይክሮፎን አቅጣጫ አይለይማ›› የሚልም አለ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ ኦርሚያ ስለምትባል ዝንብ እስካነብ ድረስ። የእኛ ጆሮዎች የተራራቁ ናቸው፤ ድምፅ አንዱ ጋ ቀድሞ ስለሚደርስ አእምሯችን አቅጣጫውን ያውቃል። ኦርሚያ ግን የጆሮ ታምቡሮቿ የሚራራቁት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ሌሊት የሚጮኽ የፌንጣ ዘመድ በጨለማ ፈልጋ ታገኛለች፤ 2 ዲግሪ ገደማ ቢስታት ነው። ከዚያ እጮቿን ትጥልበታለች፤ እነሱ ከውስጥ ይበሉታል። (ጭካኔዋን ለጊዜው እንተወው።) ምስጢሩ ታምቡሮቹ መሃል ላይ መያያዛቸው ነው። እንደ ገበያ ሚዛን አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሳል። በዚህ የተነሳ 1.5 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ገደማ የነበረችው የጊዜ ልዩነት ወደ 50 ገደማ ትሰፋለች።

ግን ዝንቧን እንዳለች መኮረጅም ስህተት ነው። የእሷ ጆሮ የሚያሳድደው 5,000 ኸርዝ አካባቢ ያለ አንድ ጩኸት ነው። የሰው ንግግር ግን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ የተዘረጋ ነው። ከእሷ ተምረው ትናንሽ ማይክሮፎን የሠሩ መሐንዲሶች የወሰዱት የሚዛኑን ዘዴ ነው፤ በሲሊከን ሠርተው የቀረውን እንደ ፍላጎታቸው ቀየሩት።

‹‹ቆዳ ሥር ከተቀበረ በቃ፣ ተገላገልን›› ማለትም አያዋጣም። ጋቢው ይቀራል፣ ቆሎው ግን ይመጣል። ማኘክ፣ መዋጥ፣ የራስ ድምፅ ሁሉ ከቅርብ ይሰማል። ስለዚህ በ2024 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ሌላ መንገድ አሳዩ። ስስ የፒዞኤሌክትሪክ ፊልም፣ መዶሻ የሚባለው አጥንት ከታምቡሩ መሃል ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከውስጥ ይነካና ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ሙከራው ግን ከሞቱ ሰዎች በተወሰደ ጆሮ ላይ ነው። ሱቅ ገብታችሁ አትጠይቁ።

መስማት የተሳነው ሕፃን ያላችሁ፣ ‹‹የሚቀበረው እስኪመጣ እንጠብቅ›› እንዳትሉ። ቋንቋ የሚያዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ዛሬውኑ አስመርምሩት።

ለአክስቴ ስለ ዝንቧ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ጨርሳ ሰማችኝና፣ ‹‹በል ዝንቧን ተዋትና ይሄን ጋቢ ከጆሮዬ መለስ አድርግልኝ›› አለች።