የድሮ ሌንስ ላይ ፎከስ የሚያስቱ ነገሮች፣ በተለይ ያ ቀይ መስመር

የድሮ ማኑዋል ሌንስ (ፎከሱ በእጅ የሚስተካከል) ሚረርለስ ካሜራ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ላይ የገጠመ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ሌንሱ ደብዛዛ ነው» ብሎ ይመጣል። እስቲ ፎቶውን አሳየኝ እለዋለሁ። ሁሌም ያው ነው። ዓይኑ ብዥ ብሏል፣ ጆሮው አጠገብ ያለው ፀጉር ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሌንሱማ ምን በወጣው! ፎከሱ ነው የሳተው።

በምን አደረግከው ስለው መልሱ «በፎከስ ፒኪንግ፣ ሁሉም ቀልቶ ነበር እኮ» ነው። እሱ ነዋ ችግሩ! ፒኪንግ፣ ማለትም ካሜራው ጥርት ያለ የመሰለውን ጠርዝ ስክሪኑ ላይ በቀይ የሚያሰምርበት ዘዴ፣ ፎከስን አይለካም። የሚፈልገው ብርሃንና ጥላ በደንብ የሚለያዩበትን ጠርዝ ነው፤ ያገኘውን ይቀባል። ነጭ ኮሌታ ጥቁር ኮት ላይ ካረፈ ፎከሱ ትንሽ ቢስትም ይቀላል። ለስላሳ ጉንጭ ደግሞ ፎከሱ ልክ ሆኖም ምንም ላይታይበት ይችላል። ሒሳቡን እዩት። 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 1.4 (ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)፣ ከ1 ሜትር ርቀት፣ ፉል ፍሬም ካሜራ (ሰንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል የሆነ) ላይ ጥርት አድርጎ የሚያወጣው 3 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፒኪንጉን ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያደረገ ሰው ግን ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ቀልቶ ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ይጫናል። ከዚያ ሌንሱን ይሰድባል።

ፒኪንግ አትጠቀሙ አላልኩም። ዝቅተኛው ደረጃ ላይ አድርጉትና ወደ ቦታው ለመጠጋት ተጠቀሙበት። ቁርጡን የምትለዩት ግን ምስሉን አጉልታችሁ በዓይናችሁ ነው። ማጉያውን አውራ ጣታችሁ የሚደርስበት ቁልፍ ላይ መድቡት፤ ሜኑ ውስጥ ከተደበቀ አትነኩትም፣ አውቃችኋለሁ። ሽፋሽፍቱ ላይ አጉሉ። የሌንሱን የፎከስ ቀለበት ጥርት ካለበት ትንሽ አሳልፉት፣ ከዚያ መልሱት። ልኩ የቱ ጋ እንደሆነ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ማጉያ ሳጥኑንም ዓይኑ ድረስ ውሰዱት። መሃል ላይ ፎከስ አድርጎ ካሜራውን ማዞር በ3 ሳንቲሜትር አያዋጣም፤ በዚያ ላይ ብዙ የድሮ ሌንሶች ጥርት የሚያደርጉት በጎባጣ መስመር እንጂ በቀጥታ አይደለም።

እናንተም ትወዛወዛላችሁ። ቆማችሁ እየተነፈሳችሁ 3 ሳንቲሜትር ምንም አይደለም። ቀለበቱን ልቀቁትና አከታትላችሁ ሦስት አራት አንሱ።

አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ከፍቶ ፎከስ ማድረግ፣ ከዚያ መዝጋት የሚባለው ምክር ደግሞ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። አፐርቸራቸው በጣም የሚከፈት የድሮ ሌንሶች ላይ አፐርቸሩ ሲጠብ የፎከሱ ቦታ ራሱ ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል። በ1.4 ልክ የነበረው በ2.8 ይስታል። ስለዚህ እስከ ኤፍ 4 ድረስ በምታነሱበት አፐርቸር ላይ ፎከስ አድርጉ። በኤፍ 8 ከሆነ ከፍታችሁ ፈልጉ፣ ከዚያ ዝጉ፤ ያኔ ጥልቀቱ ሽሽቱን ይሸፍነዋል። እንደተዘጋ ብትፈልጉ ሁሉም ጥርት ያለ ይመስላችኋል።

ለሩቅ ነገር ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዙሮ መተው? አይሆንም። ብዙ አዳፕተር (ሌንሱን ከካሜራው ጋር የሚያገናኘው ብረት) ሆን ተብሎ ትንሽ ሳስቶ ስለሚሠራ ቀለበቱ ከሩቁም ያልፋል። በተቃራኒው ኤም 42 ሌንስ (እንደ ብሎን እየዞረ የሚገጠም የድሮ ዓይነት) ኒኮን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ላይ በቀላል አዳፕተር ከገጠማችሁ ሩቁ ጭራሽ አይጠራም፤ ሌንሱ ከሰንሰሩ የሚፈልገው ርቀት 45.46 ሚሊሜትር ነው፣ ካሜራው ግን 46.5 ላይ ያስቀምጠዋል። 1 ሚሊሜትር ትበቃለች።

ዲኤስኤልአር የያዛችሁ ቪውፋይንደሩን (ዓይናችሁን አስጠግታችሁ የምታዩበትን) አትመኑ። የቪውፋይንደሩ ማያ በአብዛኛው የሚያሳየው የኤፍ 2.8 ያህል ጥልቀት ነው፣ ሌንሳችሁ 1.4 ቢሆንም። ላይቭ ቪው (ምስሉን የኋላ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን) ክፈቱና አጉሉ።

ፎከስ ያልሆነውንም ፎከስ አትበሉት። አንድ ጓደኛዬ «ፎከሱ ተበላሽቷል» ብሎ 58 ሚሊሜትር ሄሊዮሱን አስፈትቶ፣ አስጠርጎ፣ ቅባት አስቀይሮ መጣ። ፎቶው ያው። ሜኑውን ስንከፍት የካሜራው ስታቢላይዘር (የእጅ ንቅናቄን የሚያካክሰው) 200 ሚሊሜትር ላይ ነበር፣ ከበፊቱ ሌንስ የቀረ። ካሜራው በማያስፈልግ ኃይል እያካካሰ ራሱ ያደበዝዘው ነበር። መለያው ቀላል ነው፦ ፎከስ ሲስት ብዙውን ጊዜ ፎቶው ውስጥ ሌላ ቦታ የጠራ ነገር አይጠፋም። ምንም የጠራ ከሌለና የብርሃን ነጠብጣቦች ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳቡ ግን ንቅናቄ ነው። የድሮ ሌንስ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ለካሜራው አይነግርም፤ በቀየራችሁ ቁጥር እናንተው አስገቡ።