ዲቴክተር ይዘው ባሕር ዳርቻ ሲወርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜታል ዲቴክተር፣ ማለትም የተቀበረ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ፣ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው አሸዋን ነው። አይፈረድበትም። አሸዋ በቀላሉ ይቆፈራል። ሰው ይተኛበታል፣ ይሯሯጥበታል፣ ቀለበቱንና ሳንቲሙን ይጥልበታል። በዚያ ላይ ዳርቻው የሕዝብ ከሆነ ከልካይ ያለ አይመስልም።

ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዳርቻው ላይ መራመድ፣ ዲቴክተር ማብራት፣ መቆፈር፣ ያገኙትን ኪስ ውስጥ መክተት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ተፈቀደ ማለት ሌላውም ተፈቀደ ማለት አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከክፋት የሚመጡ አይደሉም፤ «ምን ችግር አለው?» ከሚለው ሐሳብ ነው።

«የሕዝብ ነው» ብሎ መጀመር

ይሄ የስህተቶች ሁሉ አባት ነው። ለዓይን አንድ የሚመስለው ዳርቻ በሕግ ዓይን ብዙ ቦታ ነው። ደረቁ አሸዋ አለ። ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፍነው፣ ሲሸሽ የሚገልጠው መሬት አለ። ከዚያ ደግሞ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለው ወለል። ሦስቱም የተለያየ ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል። ድንበሩን ደግሞ ማንም አሸዋው ላይ አላሰመረውም።

ብሪታንያን እንውሰድ። ውሃ የሚመላለስበት የባሕር ዳር መሬት ግማሽ ያህሉ የዘውዱን መሬት የሚያስተዳድረው ተቋም፣ የክራውን ኢስቴት፣ ነው። ክራውን ኢስቴት ደንቡን እስካከበሩ ድረስ የተለየ ፈቃድ ሳያስፈልግ በዲቴክተር መፈለግን ይፈቅዳል። የቀረው ግን የአካባቢ ምክር ቤቶች፣ የግለሰቦችና የሌሎች ተቋማት ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ በሰላም ሲፈልጉ ቆይተው ትንሽ ራመድ ሲሉ የሌላ ሰው መሬት ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

አሜሪካ ደግሞ ከተማው፣ ካውንቲው፣ ግዛቱና የፌዴራል መንግሥቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዳርቻ አላቸው። ማሳቹሴትስ ግዛት ያለው ጥብቅ የባሕር ዳርቻ፣ ኬፕ ኮድ ናሽናል ሲሾር፣ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ነው። እዚያ ዲቴክተር መጠቀም ቀርቶ ይዞ መገኘትም ክልክል ነው። የሚፈቀደው ተነቃቅሎ፣ ለአገልግሎት በማይመች መንገድ ታሽጎ መኪና ውስጥ ከተቀመጠ ብቻ ነው። «አላበራሁትም እኮ» አያዋጣም።

አንዳንድ አገር ደግሞ ጥያቄው የቦታ ብቻ አይደለም፤ ምን ፍለጋ እንደወጡም ይጠየቃል። ፈረንሳይ ውስጥ ታሪካዊ ወይም አርኪዮሎጂያዊ ዕቃ ለመፈለግ በዲቴክተር መጠቀም የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። አየርላንድም እንዲሁ ያለ ፈቃድ የጥንት ዕቃ መፈለግን ትከለክላለች። «እኔ የጠፋ ሳንቲም ነው የምፈልገው» ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ግን መሣሪያው ከመጮሁ በፊት ዕድሜ አይጠይቅም፤ ይሄን ተቆጣጣሪውም ያውቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከቤት ሳይወጡ ዳርቻውን ማን እንደሚያስተዳድረው ያጣሩ። በኢሜይል ይጠይቁ፣ መልሱንም ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። ሌላ ሰው ሲፈልግ ማየት ፈቃድ አይደለም። የዋናተኞች ጠባቂው ፈገግ ብሎ እጁን ማውለብለቡም ፈቃድ አይደለም። እሱ የተቀጠረው ሰው እንዳይሰጥም ነው።

ያገኘሁት ሁሉ የእኔ ነው ማለት

የሚገኘው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ ትናንት የጠፋና ዱሮ የጠፋ።

ትናንት የጠፋ የጋብቻ ቀለበት ባለቤት አለው። ባለቤቱ ምናልባት ሆቴሉ አልጋ ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ባለቤቱን ለማግኘት ተገቢውን ጥረት ሳያደርጉ የተገኘን ዕቃ የራስ ማድረግ በሌብነት ሊያስከስስ ይችላል። የቀለበቱን የውስጥ ጎን በደንብ ይመልከቱ። ስም ወይም የሠርግ ቀን ተቀርጾበት ይሆናል። 585 ወይም 750 የሚል ካዩ ግን የማንም ምስጢራዊ ቁጥር አይደለም። የወርቁን ንጥረት ነው የሚናገረው፤ የመጀመሪያው 14 ካራት፣ ሁለተኛው 18 ካራት። 925 ከሆነ ብር ነው።

ኢንተርኔት ላይ «ቀለበት ተገኝቷል» ብለው ከለጠፉ ፎቶውን ሙሉ በሙሉ አያሳዩ። የውስጡን ጽሑፍ ደብቀው ያስቀሩት። «የእኔ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ምን እንደተጻፈበት እሱ ይንገርዎት። ይሄን ያልጠበቀ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ለአንድ ቀለበት አምስት ባለቤት ቢመጣበት አይገረም።

የዱሮው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ከ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) የከበሩ ግኝቶች ሕግ ጋር የሚገጥም ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን መነገር አለበት። ከመርከብ ስብርባሪ የመጣ ነገር ከሆነ ደግሞ ለሚመለከተው ሹም የማሳወቂያው ጊዜ 28 ቀን ነው። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል መሬት ላይ ያለ፣ 100 ዓመት የሞላው የጥንት ዕቃ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ ቆፍሮ መውሰድ ወንጀል ነው።

ፍሎሪዳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1715 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ወርቅና ብር ጭነው ወደ አገራቸው ይመለሱ የነበሩ 11 የስፔን መርከቦች በአውሎ ነፋስ ምክንያት በምሥራቁ ጠረፍ ሰጠሙ። እስከ ዛሬ ኃይለኛ ማዕበል በመታ ቁጥር ሳንቲም ወደ አሸዋው ይወጣል። ሰው ወሬውን ሰምቶ ይመጣል፣ ደረቁ ላይ ይጀምራል፣ ሲሰለቸው ወደ ውሃው ይገባል። የግዛቱ ንብረት በሆነው የባሕር ወለል ላይ የተተወ የጥንት ዕቃ የመንግሥት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ሰውየው ሳንቲም ፍለጋ ገብቶ መሣሪያውን አስወርሶ ሊወጣ ይችላል።

ማጣሪያውን ከልክ በላይ ማጥበቅ

ዳርቻ ላይ ብዙው ጩኸት ቆሻሻ ነው። ቆርኪ፣ ፎይል፣ ሚስማር፣ የቆርቆሮ መጠጥ መክፈቻ ቀለበት። ጀማሪ አሥረኛውን መክፈቻ ሲያወጣ ይናደድና ማጣሪያውን፣ ማለትም መሣሪያው ለየትኛው ብረት እንዳይጮኽ የሚወስነውን ማስተካከያ፣ ያጠብቃል። መሣሪያው ዝም ይላል፤ እፎይ።

ዝም ያለው ግን ለወርቁም ጭምር ነው። ዲቴክተር የብረቱን ስም አያውቅም። የሚያየው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። የአልሙኒየም መክፈቻና መካከለኛ የወርቅ ቀለበት በዚህ ሚዛን ጎረቤታሞች ናቸው። ቀጫጭን ቀለበቶች ደግሞ ከፎይል ጋር ይቀላቀላሉ። ቆሻሻ መቆፈር ያንገሸገሸው ሰው ወርቅ ባያገኝ አይደንቅም። በማጣሪያው ሚስማርና ሌላ የሚዝግ ብረት ብቻ ይከልክሉ፣ የቀረውን ይቆፍሩ። አሰልቺ ነው። ሌላ አቋራጭ ግን የለም። የአንገት ሐብል እንኳ በጥሩ መሣሪያ ያስቸግራል፤ እያንዳንዱ ማያያዣ ትንሽ ስለሆነ የሚሰጠው ድምፅ ደካማ ነው።

የባሕሩን ሰዓት አለማወቅ

ብዙ ሰው በሚመቸው ሰዓት ይወጣል። ባሕሩ ግን የራሱ ሰዓት አለው። በአብዛኛው ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ርቆ ይሸሻል። ያን ቀን ብዙውን ጊዜ በውሃ የሚሸፈን መሬት ላይ በእግር ይቆማሉ።

ለምን ያ መሬት ይፈለጋል ካሉ፣ ወርቅ ከባድ ስለሆነ ነው። ንጹሕ ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ ይከብዳል፤ ተራው አሸዋ ግን 2.65 ጊዜ ያህል ብቻ። ማዕበሉ አሸዋውን ሲያንቀሳቅስ ቀለበቱ ጠንካራ ነገር እስኪያገኝ ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ ነው ከማዕበል በኋላ፣ ላዩ አሸዋ ተጠርጎ ሲሄድ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ወደ ዳርቻ የሚሮጡት። ደረቁ ላይ፣ ፎጣ በሚነጠፍበት አካባቢ የሚገኘው ግን በአብዛኛው የቅርብ ጊዜ ሳንቲም ነው።

ባሕሩ ከሸሸበት መመለሻውን ማወቅም ግድ ነው። ሄድፎን ያደረገ፣ ዓይኑን መሬት ላይ የተከለ ሰው ውሃው ከኋላው ዞሮ ሲከብበው ላይሰማ ይችላል። መውረድ የሚጀምሩት ውሃው ዝቅተኛ ወሰኑ ላይ ሳይደርስ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ቢሆን ጥሩ ነው። ውሃው መልሶ መሙላት ሲጀምር አብረውት ይመለሱ።

ለጨው ውሃ በማይሆን መሣሪያ መውጣት

እርጥብ የባሕር አሸዋ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ) ብቻ የሚሠራ ርካሽ ዲቴክተር ይሄን እንደ ብረት ይቆጥረዋል፤ ውሃው ዳር ሲደርስ ያለማቋረጥ ይጮኻል። መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። የመሣሪያውን የስሜት መጠን (ሴንሲቲቪቲ) ትንሽ ዝቅ ያድርጉ፣ ካልሆነ ደረቁ አሸዋ ላይ ይቆዩ። ገንዘብ ካለዎት በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራውን ይምረጡ። በፐልስ (በተቆራረጠ የኤሌክትሪክ ምት) የሚሠሩት ደግሞ ጨውን ከቁብ አይቆጥሩትም፣ ጠለቅም ይላሉ። ሚስማርና ወርቅ ለመለየት ግን እምብዛም አይረዱም።

ሌላው ወጥመድ «ውሃ አይነካውም» የሚለው ቃል ነው። ብዙ ጊዜ ውሃ የማይነካው ከታች ያለው ሳህን መሳዩ ኮይል ብቻ ነው። ላይ ያለው ሳጥን ማዕበል ካገኘው አለቀለት። መመሪያውን ያንብቡ።

እንደ መጥረጊያ ማወዛወዝ

ኮይሉን በፍጥነትና ከፍ አድርጎ ማወዛወዝ ብዙ ጀማሪ የሚሠራው ነው። አሸዋውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በግማሽ እየደረበ ይሂድ። በቃ።

ጉድጓድ ትቶ መሄድ

ይሄ ስህተት ለሌላውም ሰው ይተርፋል። በጠዋት የሚሮጥ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ይለዋል፤ አስተዳደሩ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ዲቴክተርን ሙሉ በሙሉ ይከለክላል። እርስዎ ባይኖሩም ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሰው ይከፍላል።

የባሕር ኤሊ እንቁላል በምትጥልበት ዳርቻ ነገሩ ይብስበታል። ኤሊዋ ሌሊት ወጥታ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች፤ ጫጩቶቹ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ይፈለፈላሉ። ወደ ባሕር ሲጓዙ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቁ መውጣት ያቅታቸዋል። የታጠረ ወይም ምልክት የተደረገበት ቦታ አይጠጉ። ወንፊት ያለው አካፋ ከያዙ ጉድጓዱ ትንሽ ይሆናል፣ መድፈኑም አያደክምም። ያወጡትን ቆሻሻ ደግሞ መልሰው አይቅበሩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ራስዎ ነዎት የሚያገኙት።

የማያውቁትን ከባድ ብረት መነካካት

ጦርነት ያለፈባቸው ዳርቻዎች ላይ፣ ለምሳሌ በፈረንሳይዋ ኖርማንዲ ላይ፣ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ እስከ ዛሬ ይገኛል። ዝገት አላዳከመውም፤ እንዲያውም አደገኛ ሊያደርገው ይችላል። ዓይነቱን ካላወቁት አያንሱት፣ አይምቱት፣ ለፎቶ ብለው አያገላብጡት። ቦታውን ምልክት አድርገው፣ ራቅ ብለው ፖሊስ ይጥሩ።

ሳያጥቡ ማስቀመጥ፣ ሲያጥቡ ደግሞ መፈግፈግ

ጨው ሥራውን የሚሠራው እርስዎ ከተኙ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቤት እንደገቡ ኮይሉን፣ ዘንጉንና አካፋውን በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። ኮይሉ የተለየ መሸፈኛ ካለው አውልቀው ውስጡን ያጽዱ፤ ጥቁር አሸዋ እዚያ ይሰበሰብና ከሚቀጥለው ቀን ጀምሮ የሐሰት ድምፅ ያሰማል።

ለሳንቲሙ ግን ተቃራኒው ነው። ከባሕር የወጣ የብር ሳንቲም ጠቁሮ ሊመጣ ይችላል። እጅ የሚያሳክከው ጊዜ ይሄ ነው። በጥርስ ብሩሽና በጥርስ ሳሙና መፈግፈግ የላዩን ገጽ ይጭረዋል፤ ሰብሳቢዎች እንዲህ የተፋቀን ሳንቲም በሩቁ ያውቁታል፣ ዋጋውንም ይጥሉታል። በንጹሕ ውሃ ነክሮ ጨውን ማስወጣት ይበቃል። ለባለሥልጣን ሊነገር የሚገባው የጥንት ዕቃ መስሎ ከታየዎት ውሃውንም ይተዉት። የተገኘበትን ቦታና ቀን ወረቀት ላይ ጽፈው አብረው በከረጢት ያስቀምጡት፤ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።