በሻማ የታሸገችውን የትምህርት ቤት በር ቺፕስ ቤት ውስጥ እንዴት እንሠራለን?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ያውቃታል፦ በስስ ላስቲክ ተሞልታ አፏ በሻማ የተለበለበ፣ ሚጥሚጣ ነካ ያደረጋት የድንች ቺፕስ። ዛሬ ሱቁን የሞላው የፋብሪካው ነው። የድሮዋን ጣዕም የሚፈልጉ ብዙዎች ምስጢሩን ከቅመሙ ይጠብቃሉ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ግን የድንቹ ዓይነትና መድረቁ ነው።

የሚያስፈልገው 1 ኪሎ ድንች፣ 1 ሊትር ዘይት፣ ደቃቅ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ወፍራም ብረት ድስት፣ ቀዳዳ ያለው ጭልፋና ንጹሕ ጨርቅ ነው። ከ1 ኪሎ ድንች 250 ግራም ገደማ ቺፕስ ይወጣል፤ የቀረው አብዛኛው ውሃ ነበር።

1. ድንች መምረጥ። ጠንካራ፣ ያልበቀለና መካከለኛ መጠን ያለው ይሁን። በለጠ ወይም ጉዳኔ የሚባለው ዝርያ ከተገኘ ይወሰድ፤ ውሃው ያነሰ ድንች ዘይት ብዙም አይጠጣም። አረንጓዴ የሆነውን ይተዉት፣ ሶላኒን የሚባለው መርዙ በመጥበስ አይጠፋም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቀማመጡ ላይ ነው። ድንች ሲበርደው ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩ ደግሞ ዘይት ውስጥ ቶሎ ይጠቁራል። ቺፕሱ ሳይደርቅ ቡናማ ሆኖ ከመረረ ጥፋተኛው እሳቱ ላይሆን ይችላል። ፍሪጅ ይህን ያደርጋል፤ የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትም እንዲሁ። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል እዚያ ችግሩ ይቀላል። መፍትሔው ድንቹን ሞቅ ባለ ጨለማ ክፍል 1 ወይም 2 ሳምንት ማቆየት ነው። ጊዜ ከሌለ የተከተፈውን ሊፈላ በተቃረበ ውሃ 2 ደቂቃ ነክሮ ማውጣት ስኳሩን ይቀንሰዋል።

2. መክተፍ። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሁለት የኤቲኤም ካርድ ተደራርበው ያህል ነው። ከዚያ ከወፈረ መሃሉ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በቢላ የተከተፈ እኩል አይመጣም፤ የድሮዋም እኩል አልነበረችም፣ ስለዚህ ትንሽ መዛነፉ አያስጨንቅ።

3. ማጠብና ማድረቅ። ውሃው ጥርት እስኪል ሦስት አራቴ ይለቅለቅ። ስታርቹ ካልወጣ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ከዚያ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ 20 ደቂቃ ማድረቅ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው የሚፈናጠር ዘይትና ልፍስፍስ ቺፕስ ያገኛል።

4. መጥበስ። ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ አይበልጥ። አንድ ቁራጭ ሲጣል ወዲያው አረፋ ይዞ ከተነሣ ደርሷል፤ ቴርሞሜትር ያለው ከ170 እስከ 175 ዲግሪ ይጠብቅ። አንድ እፍኝ ብቻ ይጨመር፤ ሲበዛ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ድንቹ ይጠጣዋል። እያገላበጡ 3 ወይም 4 ደቂቃ። አረፋው የሚወጣው የድንቹ ውሃ ስለሆነ፣ አረፋው ሲሞት ይወጣል፤ ቀለሙን አይጠብቁ። ዘይቱ እሳት ከያዘ ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን መክደን እንጂ ውሃ ማፍሰስ በፍጹም አይገባም።

5. ጨውና ሚጥሚጣ። ከዘይት እንደወጣ፣ ሳይቀዘቅዝ። ለ250 ግራም ቺፕስ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ይበቃል። የገበያ ሚጥሚጣ ብዙ ጊዜ ጨው ስላለው መጀመሪያ ይቀመስ።

6. ማሸግ። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ፤ ሙቀቱ ላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ይሆናል። የላስቲኩን አፍ በብረት ማስመሪያ ላይ አጥፎ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ማስተረፍ፣ ከዚያ ጠርዙን በሻማው ነበልባል ጎን ሳያቆሙ ማሳለፍ። ቀስ ካሉ ይበሳል፣ ከፈጠኑ አይያያዝም። ጫን ሲያደርጉት አየር ካልወጣ ታሽጓል። በበጋ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን እርጥበቱ ቶሎ ያለሰልሰዋል። የለሰለሰው ያለ ዘይት በመጥበሻ ላይ 2 ደቂቃ ሲሞቅ ይመለሳል።

ስለ ዘይቱ፦ የሚረጋው ፓልም በደሴ ብርድ ቺፕሱ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፣ ላንቃም ላይ ይቀራል። የሱፍ ዘይት ይሻላል። ጥቁር እስኪል ደጋግሞ መጥበስ ግን የትኛውንም ዘይት ያበላሻል፤ ሽታው ሲለወጥና ሳይሞቅ ሲጨስ ይደፋ።