ከአባት ጋር ቁጭ ብሎ ፊልም ለማየት

አባቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። የመንግሥት ሥራዬን ለቅቄ ፎቶ ማንሳት ስጀምር ተቀያየምን። ከዚያ በኋላ ወሬያችን «ምሳ በላህ?» እና «አዎ» ብቻ ሆነ። ፊልም አስታረቀን ብል ውሸት ነው። ግን አንድ ሶፋ ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል አስቀምጦናል።

ዋናው ምርጫው ነው። አባትና ልጅ ሲጯጯሁ የሚውሉበትን ፊልም አታምጡ። እኔ አንዴ ሞክሬ፣ አባባ ነገሩ ገባቸውና ሪሞቱን አንስተው ዜና ከፈቱ። ጠቡ ሌላ ጉዳይ ውስጥ የገባበት ይሻላል። ሁለተኛ ጊዜ የመረጥኩት የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የቢስክሌት ሌቦች» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ሮም ውስጥ የተሠራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ጠፍቷል። አንቶኒዮ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ የሚቀጠረው ግን ቢስክሌት ያለው ነው። የእሱ ደግሞ መያዣ ገብቷል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላ ገፍፋ ታስይዝና ታስለቅቅለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ከዚያ ከትንሹ ልጁ ከብሩኖ ጋር ፍለጋ ነው።

በአማርኛ የተተረጎመ አላገኘሁም። ስለዚህ መነሻውን አስቀድሜ ነገርኳቸውና ዝም አልኩ። እየተከታተላችሁ አታስተርጉሙ፣ ያሰለቻል።

አደራ የምላችሁ ጥፊው ላይ ነው። አንቶኒዮ ይናደድና ብሩኖን በጥፊ ይለዋል። ልጁ ያኮርፋል፣ ለእናቴ እናገራለሁ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ወንዙ ዳር ልጅ ሰመጠ የሚል ጩኸት ይሰማል። አባት ይሮጣል። የሰመጠው ሌላ ልጅ ነው፤ ብሩኖ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ አንቶኒዮ ልጁን ይዞ ምግብ ቤት ይገባል። «ይቅርታ» የለም። በአይብ የተጠበሰ ዳቦና ወይን ያዛል፤ ከዚያ ቢስክሌቱ ባይጠፋ የሚያገኘውን ደሞዝ ልጁን ያስደምረዋል።

«ለሕፃን ወይን!» አሉ አባባ። ሌላ ምንም አላሉም። እዚህ ጋ ፊታቸውን ዞራችሁ እንዳታዩ፤ እኔ ማየት አምሮኝ ነበር።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። የአባትየውን ኮፍያ ግን ተከታተሉ።

ሲያልቅ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ጥሩ ነው» ይሏችኋል፣ በቃ። ስለ ዕቃ ጠይቁ፣ ስለ ሥራ። እኔ «መኪናው ተበላሽቶብህ መንገድ ያደርክበት ጊዜ አለ?» አልኩ፤ በቁጣችን ዘመን «እርስዎ» ማለት ጀምሬ ነበር፣ ሳላስበው «አንተ» ወጣኝ። አሰብ መስመር ላይ ሦስት ቀን ቆመው ባዶ ኪሳቸውን ቤት የገቡበትን ቀን አወሩልኝ። በሩ ላይ ሮጬ ደብተር ግዛልኝ ብያቸው ጮኸውብኛል።

እኔ ጭራሽ አላስታውሰውም። እሳቸው ባለ ሃምሳ ሉክ እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳሉ።