የሚረጋው የፓልም ዘይት ለቤተሰብዎ ይበዛ እንደሆነ እንዴት ማስላት ይቻላል

የፓልም ዘይት ጤናማ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል አይመለስም፤ መልሱ አንድ ቤት በወር በሚያወጣው ዘይት ልክ ይወሰናልና።

በመጀመሪያ በጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። «ከኮሌስትሮል ነጻ» የሚለው ጽሑፍ ሐሰት ባይሆንም የማንኛውም የአትክልት ዘይት ጠባይ ስለሆነ ለምርጫ አይረዳም። መታየት ያለበት በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል የሚጨምረው የሳቹሬትድ ስብ መጠን ነው፤ ይህም በፓልም ዘይት ግማሽ ያህል ሲሆን በሱፍ ዘይት ከመቶ 12 ገደማ ነው። መርጋቱን ብቻ አይቶ መፍረድም አያዋጣም፤ የወይራ ዘይትም ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቆይ ይረጋል።

ቀጥሎ ያለው ስሌት ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ነገር ግን ዋናው ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሳቹሬትድ ስብ የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ ምግብ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 22 ግራም ያህል ማለት ነው። አራት ሰዎች ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በአንድ ወር ቢጨርሱ ለእያንዳንዳቸው በቀን 38 ግራም ዘይት ይደርሳል፤ ዘይቱ ፓልም ከሆነ 19 ግራም ገደማው ሳቹሬትድ ስብ ነው። በጾም ወቅት ይህ ከልኩ ባያልፍም፣ በፍስክ ቅቤ፣ ሥጋና ወተት ሲጨመሩበት ያልፋል። ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን በላዩ ላይ መጻፍ ለዚህ ስሌት በቂ ነው።

ልኩ ካለፈ ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ማንቆርቆር ይቅር፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 14 ግራም ያህል ስለሚይዝ በማንኪያ መስፈር ይሻላል። ሽንኩርቱንም መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ ካቁላሉት በኋላ ዘይቱን መጨመር የወጡን ጣዕም ሳይጎዳ ፍጆታውን ይቀንሳል። ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት ከጠቆረ ወይም አረፋ ካበዛ ይደፋ፤ ለወጥ ማስቀመጡ ቁጠባ አይደለም።

አቅም ከፈቀደ የወሩን ፍጆታ ከፊሉን በሱፍ ወይም በኑግ ዘይት መተካት ጥሩ ነው። የኑግ ዘይት ግን በብርሃንና በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ በትንሽ ጠርሙስ ተገዝቶ ከምድጃ ርቆ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ።