በአሮጌ ላንድክሩዘር ላይ የማርሽ ዘይት ስንመርጥና የሚያንጠባጥበውን ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ሰኞ ባቲ ገበያ ውሎ፣ ጭኖ፣ ማታ ደሴ የሚገባ ደግሞ ቆላውንም ደጋውንም በአንድ ቀን ያያል። በካምቢዮው፣ ማለትም በማርሽ ሳጥኑ፣ እና ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ በሚያካፍለው ዲፍረንሻል ውስጥ ያለው ዘይት ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ይችላል፤ ዝም ስለሚልም ይረሳል። የሞተሩን ዘይት የማንረሳ ሰዎች የካምቢዮውን የምናስታውሰው መሬት ላይ ጠብታ ስናይ ነው። የእኔ መኪና ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ የፊት አክስሉ አንድ ወጥ የሆነ አሮጌ ላንድክሩዘር 75 ነው። ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን የተማርኩት ገንዘብ እየከፈልኩ ነው።

ጂኤል-5 ከጂኤል-4 ይበልጣል ብሎ መግዛት

ጣሳው ላይ የሚጻፈው ጂኤል የማርሽ ዘይት ደረጃ መለያ ነው። ነጋዴው ሁለቱን ጣሳ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ እጃችን ወደ አምስቱ ይሄዳል። ቁጥሩ ግን የፈተና ውጤት አይደለም፤ የሥራ ድርሻ ነው። በዲፍረንሻል ውስጥ ያሉት ሃይፖይድ የሚባሉት ጥርሶች ሲያያዙ በከባድ ጫና እርስ በርሳቸው ላይ ይንሸራተታሉ። ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ ብረት ብረትን እንዳይበላ የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ይጨመርበታል። ጂኤል-5 ይህን ቅመም በብዛት ስለያዘ ቦታው ዲፍረንሻል ነው።

የካምቢዮ ነገር ይለያል። ማርሽ ሲገባ ፍጥነትን የሚያመሳስሉት የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች በብዙ አሮጌ መኪኖች ከናስ ወይም ከነሐስ የተሠሩ ናቸው። ሥራቸውን የሚሠሩት በመፋተግ ነው፤ ከልክ በላይ የሚያሙለጨልጭ ዘይት ሲያገኛቸው መያዝ ያቅታቸዋል፣ ማርሹም ይንጫጫል። ዘይቱ በጋለ ቁጥር አንዳንዱ ቅመም ቀለበቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። መመሪያቸው ሁለቱንም ዓይነት የሚፈቅድ ካምቢዮዎች አሉ፤ ጂኤል-4 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ክርክር የለውም። ተቃራኒው ስህተት ደግሞ ይብሳል። ከካምቢዮው የተረፈ ጂኤል-4 አለኝ ብሎ ዲፍረንሻል ውስጥ መጨመር ጥርሱን ያለ ጥላ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

ማንጠባጠቡን በወፍራም ዘይት ለማቆም መሞከር

«90 ከፈሰሰ 140 ይጨመርበት» የሚል ምክር ከደሴ እስከ ወልድያ ያልሰማሁበት ጋራዥ የለም፤ ቁጥሮቹ የዘይቱ ውፍረት ናቸው። ያለቀ ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይቱን የሚገድበው የጎማ ቀለበት፣ ወፍራሙንም ያሳልፋል፤ ብቻ ትንሽ ይዘገያል። በዚያ መሀል ደላንታ ላይ ውርጭ ባደረበት ማለዳ ማርሹ እንደ ሊጥ ይከብዳል፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታም (ቤሪንግ) ዘይት የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

ጣሳው ላይ 80ደብሊው-90 ተብሎ ሲጻፍ፣ ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር የብርዱን ይናገራል። 85 እስከ 12፣ 80 እስከ 26፣ 75 ደግሞ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ዘይቱ እንዳይረጋ የተለካበት ነው። ስለዚህ የወሎን ውርጭ 80ደብሊው-90 በሚገባ ይችለዋል። 75ደብሊው-90 ሲገባ ጠዋት ማርሹ ይለሰልሳል፤ መመሪያው ከጠየቀና ኪስ ከፈቀደ መልካም ነው። የማርሽ ዘይትና የሞተር ዘይት ቁጥሮች በአንድ መስፈሪያ እንዳልተሰፈሩም ልብ ይበሉ፤ 90 የሚባለው የማርሽ ዘይት ውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም።

የታችኛውን ብሎን መጀመሪያ መፍታት

መሙያው የላይኛው፣ ማፍሰሻው የታችኛው ብሎን ነው፤ እሱ መፈታቱን ሳያረጋግጡ የታችኛውን አይንኩ። የላይኛው ዝጎ እምቢ ካለ፣ ዘይቷ የፈሰሰ መኪና ይዘው መቆምዎ ነው። ልኩ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታች ከንፈር ሲሆን፣ መኪናው ሜዳ ላይ መቆም አለበት። ደሴ ውስጥ ሜዳ የት አለ ለሚለኝ መልስ የለኝም፤ እኔ የምለካው ኮምቦልቻ ስወርድ ነው።

ጠብታው ያረፈበትን ቦታ ማመን

ዘይት ውሸታም ነው። ከላይ ይወጣና በብረቱ ጠርዝ ተንሸራቶ፣ በንፋስ ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ጥፋት የሌለበት ብሎን ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። በአቧራ መንገድ የከረመ መኪና ሆዱ ሁሉ ጥቁር ጭቃ ስለሚሆን ከየት እንደመጣ በዓይን መለየት አይቻልም። መጀመሪያ ያሳጥቡት፤ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ የጠረጠሩትን ቦታ የሕፃናት ፓውደር ይንፉበትና ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ይመለሱ። በነጩ ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው እርጥብ መስመር ምንጩ ነው። ሌሊት ደግሞ ከሥር ካርቶን ያንጥፉ፤ የፊት ጎማዎቹ የቆሙበትን ምልክት ካደረጉበት ጠዋት ካርቶኑ ካርታ ይሆንልዎታል።

ቀለሙንና ሽታውን አይናቁ። የማርሽ ዘይት የድኝ ሽታው አይሳሳትም፣ ልብስ ላይም ይከርማል። የናፍጣ ሞተር ዘይት እንደ ጥላሸት ጥቁር ነው። ቀላ ያለ ቀጭን ዘይት ከመሪው በኩል ከመጣ የመሪው ነው። ጥርት ያለ ውሃ የአየር ማቀዝቀዣ ካለው መኪና ሥር ቢንጠባጠብ ደግሞ ጤና ነው፤ በዚህ የተነሳ ራዲያተር ያስፈታ ሰው አውቃለሁ።

ይህ ሽታ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሞተርና ካምቢዮ ከሚጋጠሙበት፣ ፍሪሲዮኑ ካለበት ቤት ሥር ሲንጠባጠብ ነው። ከሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮም ከካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ካምቢዮ ካልወረደ አይቀየሩም፤ ስለዚህ ከማውረድዎ በፊት ያሽትቱ፣ ካወረዱ በኋላ ደግሞ ሁለቱንም ይቀይሩ።

መተንፈሻውን መርሳት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይኸኛው ነው። በአክስሉ ራስ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክዳን አለች። ዘይቱ ሲግል በውስጥ ያለው አየር ይስፋፋል፤ በእሷ በኩል ይወጣል። ጭቃ ከደፈናት አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል። እኔ የኋላውን ፓራኦሊዮ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ አስቀየርኩ፤ ሁለቱም ጊዜ ሐረጎን ወጥቼ ስቆም እንደገና አንጠባጠበ። ሦስተኛ ልከፍል ስል አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ይሆን?» አልኳቸው። «አብሽር ልጄ» አሉኝና ከሥር ገብተው ክዳኗን በጣታቸው ለማዞር ሞከሩ። አልዞር አለች፤ ደርቃ ድንጋይ ሆናለች። በናፍጣ አጥበው መለሷት፤ ያ ፓራኦሊዮ እስከ ዛሬ ደረቅ ነው። ያስከፈሉኝ የሻይ ነው።

ክዳኗ ሌላም ጣጣ አላት። አክስሉ እንደጋለ ቆቦ ሜዳ ላይ ጎሊናን የመሰለ ወንዝ ውስጥ ሲገባ፣ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይሸበሸባል፤ ውሃም ይስባል። ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷልና ሳይውል ሳያድር ይቀየር። መፍትሔው ከክዳኗ ቦታ ቀጭን ቱቦ አስሮ ወደ ላይ፣ ውሃ ወደማይደርስበት መሳብ ነው።

ሞልቷል ብሎ መደሰት

የሪዶታውን፣ ማለትም ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ መሙያ ሲፈቱ ዘይት ገንፍሎ ከፈሰሰ ደስ አይበልዎ። በብዙ አሮጌ መኪኖች በካምቢዮውና በሪዶታው መካከል ያለው ፓራኦሊዮ ሲያልቅ ዘይቱ መሬት ሳይነካ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሪዶታው ይጠግባል፣ ካምቢዮው ይራባል፤ ካርቶኑም ደረቅ ነው። ሁልጊዜ ሁለቱንም ይለኩ። የፊት ጎማ መታጠፊያ ክብ ቤትም እንዲሁ ነው። በውስጡ ሊኖር የሚገባው ወፍራም ግሪስ ነው፤ እንደ ሾርባ ቀጥኖ ከወጣ የዲፍረንሻሉ ዘይት በውስጠኛው ፓራኦሊዮ አልፎ ገብቶበታል። ግሪስ ደጋግሞ መጨመር አያድነውም።

የኋላ ጎማ ሲረጥብ ነገ ይደርሳል ማለት

ሌላው ሁሉ ነገ ይደርሳል። በኋላ ጎማ ውስጠኛ ፊት ላይ እርጥበት ካዩ ግን ሐረጎን አይውረዱ። ጣትዎን ያስነኩትና በውሃ ይታጠቡ። በውሃ በቀላሉ ከለቀቀ የፍሬን ዘይት ነው፤ የሚያፈሰው ታምቡሩ ውስጥ ያለው የፍሬን ሲሊንደር ነው። እየተሙለጨለጨ እምቢ ካለና ድኝ ከሸተተ የዲፍረንሻሉ ዘይት በጎማው ፓራኦሊዮ አልፏል ማለት ነው። ፓራኦሊዮውን ከመቀየርዎ በፊት ጎማውን በክሪክ አንስተው ላይና ታች ይዘው ያናውጡት፤ ኩሽኔታው ከተንገጫገጨ አዲሱንም በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ዘይት የጠጣውን የፍሬን ሸራ በቤንዚን አጥቦ የሚመልስ ጋራዥ ሞልቷል። ሸራው ሲቀዘቅዝ ደረቅ ይመስላል፤ ሲግል የጠጣውን መልሶ ይተፋዋል። ሸራውን በግራም በቀኝም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አንዱ ብቻ አዲስ ከሆነ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል።