ሄድፎን አንድ ጆሮ ብቻ ሲሰማ፦ ለጌምም ለዘፈንም ችግሩና መፍትሄው

እኔ ጋ ለጥገና የሚመጣ ሄድፎን በአብዛኛው ሕመሙ አንድ ነው። ስፒከሩ ጤነኛ፣ ማይኩ ጤነኛ፤ የሞተው ገመዱ ነው። ያውም ስልኩ ላይ የሚሰካው ብረት፣ ማለትም ጃኩ ሥር፣ ሁለት ጣት በማይሞላ ቦታ። «ለጌምም ለዘፈንም የሚሆን የቱ ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ ገመዱን የማየው ለዚህ ነው። በሌላ ስልክ እንደሞከራችሁት፣ ድምፁን እንደጨመራችሁ፣ ብሉቱዙን አጥፍታችሁ እንዳበራችሁ ቆጥሬ ልቀጥል።

«አንዱ ጆሮ ጠፋ» ወይም «ሲነካካ ይመጣል፣ ይሄዳል»

ገመዱ ውስጥ ያለው መዳብ አንድ ወጥ ሽቦ አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክሮች ናቸው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲታጠፍ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል። ቀጥሎ ገመዱን አጥፈው ሲይዙት ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ ጭጭ።

ይህን ይዘው የሚመጡት በብዛት ጌም ተጫዋቾች ናቸው። የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ጆይስቲክ የሄድፎን ቀዳዳው ከታች በኩል፣ ወደ ተጫዋቹ ሆድ የዞረ ነው። ጨዋታው ሲጦፍ ጆይስቲኩ ጭን ላይ ያርፋል፣ ጃኩም ይታጠፋል። ስልኩን አጋድሞ ፐብጂ የሚጫወት ሰው ደግሞ ጃኩን በመዳፉ ይገፋዋል። ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው አንድ ደንበኛዬ ሄድፎኖቹን በፌስታል አጭቆ ያመጣልኝ ነበር። ሁሉም የተበጠሱት እዚያው ጃኩ ሥር ነው። ወደ ጎን የታጠፈ ጃክ ቀየርኩለት። አሁን የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

የተበጠሰበትን ለማግኘት ዘፈን ክፈቱ። ገመዱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ከጃኩ ጀምሮ ትንሽ በትንሽ እያጠፋችሁ ሂዱ። የሚንኮሻኮሽበት ቦታ እሱ ነው። ጃኩ ጋ ካልሆነ ገመዱ ወደ ጆሮው የሚገባበትን እዩ። ምንም ካልተንኮሻኮሸ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርጉና ጃኩን ለኩ። ጫፉ የግራ ጆሮ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ቀለበት የቀኝ። ማይክ ባለው ጃክ ላይ ሦስተኛው ሁለቱም ጆሮዎች የሚጋሩት የጋራ መስመር፣ ከገመዱ በኩል ያለው የመጨረሻው ደግሞ ማይክ ነው። ከጫፉ እስከ ጋራው ካርቶኑ ላይ ለተጻፈው ኦም የቀረበ ቁጥር ማንበብ አለባችሁ፤ በብዙዎቹ 32 ነው። ስትነኩት ጆሮው ውስጥ ጠቅ ካለ ስፒከሩ በሕይወት አለ።

መፍትሄው ቆርጦ አዲስ ጃክ መበየድ ነው። ከጃኩ ወደ ላይ ሦስት አራት ሴንቲሜትር ቁረጡ፤ ስስት አያስፈልግም፣ የደከመው ክፍል ሁሉ ይውጣ። የአዲሱን ጃክ ሽፋን ከመበየዳችሁ በፊት ገመዱ ውስጥ አስገቡ። አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ደረሰ። በአብዛኞቹ ሄድፎኖች እያንዳንዱ የመዳብ ክር በቀጭን ቫርኒሽ ተሸፍኗል። ቀይና አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠው እሱ ነው። ቫርኒሹ ካልተነሳ ሊድ (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) አይይዝም፣ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። «ራሴ አገናኘሁት፣ አልሠራም» ብለው የሚያመጡልኝ ሁሉ ሽቦውን እንዳለ ጠምዝዘው በፕላስተር የጠቀለሉ ናቸው። የመበየጃውን ጫፍ በደንብ አግሉት፣ ሊድ አድርጉበት፣ ክሩን ውስጡ አቆዩት። ትንሽ ይጨስና ጫፉ ብርማ ይሆናል። ያኔ ዝግጁ ነው። ላይተር አትጠቀሙ፤ መዳቡ ተቃጥሎ ይሰባበራል።

በቀለምም አትመኑ። ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ግራ፣ ቀይ ቀኝ፣ ቀለም የሌለው የጋራ ነው። ግን በርካሽ ዕቃ ላይ ፋብሪካው እጁ የገባውን ሽቦ ነው የሚጠቀመው። ለክታችሁ ብየዱ። የጃኩ ሽፋን ብረት ከሆነ ደግሞ ከመዝጋታችሁ በፊት ውስጡን በፕላስተር ሸፍኑት፤ ያለዚያ ሽቦዎቹ ብረቱን ነክተው ይገናኛሉ።

ሱፐር ግሉ አታፍስሱበት። እባካችሁ። ገመዱን ድርቅ ያደርገውና ከሙጫው ማለቂያ ላይ ይበጥሰዋል፤ እኔም ጃኩን ከፍቼ የማዳን ዕድል አይኖረኝም። ስትነቅሉ ገመዱን ሳይሆን ጃኩን ያዙ። ስልክ ላይ አጥብቃችሁ አትጠቅልሉት።

ከዚህ ሁሉ የሚገላግላችሁ ገመዱ የሚነቀል ሄድፎን መግዛት ነው። ሲበጠስ ገመዱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ቀዳዳው ግን ተራ 3.5 ሚሊሜትር ይሁን። አንዳንዶቹ ቀዳዳውን ጠባብና ጥልቅ ያደርጉትና ከራሳቸው ገመድ በስተቀር አያስገባም። ሱቁ ውስጥ ነቅላችሁ ሌላ ገመድ ሞክሩበት። ሻጩ ቢነጫነጭም ሞክሩ።

«ዘፋኙ ጠፋ፣ ሙዚቃው ብቻ ቀረ»

ሰው በጣም የሚደናገርበት ይሄ ነው። ክራሩና ከበሮው ከሩቅ እንደሚመጣ ይሰማል፣ ድምፃዊው የለም። የጋራው መስመር ሲቋረጥ ሁለቱ ጆሮዎች የሚያሰሙት በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱም በኩል እኩል የተቀዳ ስለሆነ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የስልኩን ከቨር አውልቁ። አንድ ሰው ዘፈኖቹ ተበላሽተውብኛል ብሎ ሜሞሪውን ፎርማት አድርጎ ነበር የመጣው። የከቨሩ ቀዳዳ ጠቦ ጃኩን እስከ መጨረሻው አላስገባውም፤ ነገሩ ይሄው ነው። ከቨሩን አውልቄ ጃኩን ስገፋው ዘፋኙ መጣ። የማይኩን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙት ድምፁ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የስልኩና የሄድፎኑ የማይክና የጋራ መስመር ቦታ ተለዋውጧል። በድሮ ስልኮች ላይ ያጋጥማል፤ አስማሚ ገመድ ይፈታዋል።

«ዘፈን ሲሆን ጥሩ ነው፣ ጌም ውስጥ ማይክ ስከፍት ግን ይበላሻል»

ብሉቱዝ ነው። ዕቃው አልተበላሸም። ብሉቱዝ በአብዛኛው ለዘፈንና ለጥሪ የተለያየ መንገድ ይጠቀማል። የዘፈኑ መንገድ ማይክ አይቀበልም። ማይኩ ሲከፈት ወደ ጥሪው ይገለበጣል፣ ስቴሪዮውም ጥራቱም አብሮ ይሄዳል። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ዲስኮርድ (ተጫዋቾች የሚነጋገሩበት ፕሮግራም) ውስጥ ገብታችሁ የማይክ ምርጫውን ወደ ላፕቶፑ ማይክ ቀይሩ። ተኩሱ ዘግይቶ የሚሰማውም ከዚሁ ከብሉቱዝ ነው። ለውድድር የምትጫወቱ ከሆነ ባለገመድ ግዙ፣ ወይም በዩኤስቢ የምትሰካ የራሱ መቀበያ ያለው ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ገመድ አልባ።

«መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ የለም»

በብዙ ርካሽ የጌም ሄድፎኖች ላይ ዩኤስቢው ለመብራቱ ብቻ ነው። ድምፁ የሚመጣው በጃኩ ነው፤ እሱንም ሰኩ። በዚያው ካርቶን ላይ 7.1 የሚል ተለጥፎ ታገኛላችሁ፤ ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል ለማለት ነው። በ3.5 ጃክ የሚያልፈው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ለዚያ ጽሑፍ ብላችሁ ሳንቲም አትጨምሩ።

«ኮቴው ከየት እንደሚመጣ አይለይም»

ዊንዶውስ ላይ ግራና ቀኙን አንድ የሚያደርገው የሞኖ ድምፅ ምርጫ በርቶ ከሆነ አጥፉት። ከዚያ የዊንዶውሱንና የሄድፎኑን የሰራውንድ ማስመሰያ (ድምፅ ከየአቅጣጫው የሚመጣ የሚያስመስለውን) አጥፉ። ጌሙ የራሱ ካለው የራሱን ብቻ ተዉለት። ሁለቱ ሲደራረቡ ኮቴው ፊት ይሁን ኋላ አይታወቅም።

ሌሎቹን ባጭሩ። እናንተ ትሰማላችሁ፣ እናንተን ግን አይሰሟችሁም፦ ኮምፒውተሩ አረንጓዴ (የድምፅ) እና ሮዝ (የማይክ) ቀዳዳ ካለው ለሁለት የሚከፍል ገመድ ያስፈልጋል። ድምፁ ዝቅ ብሎ ይሰማል፦ የገዛችሁት ባለ 250 ኦም ይሆናል፤ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይመጣል፣ ለስልክ 32ቱን ያዙ። ላፕቶፑ ቻርጅ ሲደረግ እዝዝዝ ይላል፦ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሞክሩ፣ ከጠፋ በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል። ቤዙ ቀነሰ፦ የጆሮው ትራስ ተልጧል፤ ትራሱ ለብቻው ይሸጣል። ቤዝ ሲመታ ይርገበገባል፦ ፀጉር ወድቆ የስፒከሩን ስስ ሽፋን ነክቶታል፤ ትራሱን አንሱና በቀስታ በወረንጦ አውጡት፣ ሽፋኑን ግን አትንኩት።